ለእማማ የተገጠመው ማብሪያ

ኑማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጥ፤ ወሬዬ ረጅም ባይሆንም፣ ቆሞ የሚሰማ ሰው ፊት ለፊቴ ካለ ምላሴ ይተሳሰርብኛል። ተቀመጣችሁ? እንግዲህ ስሙኝ። የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና፣ ምላሳቸው ስለማይደክም አንዲት አማትና ሽቦ ይዞ እምቢ፣ አልሸነፍም ስላለ አንድ ሰው ነው።

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ አምፖል ነው የሚለው። የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፀጉሩ ገና በጎልማሳነቱ ከግንባሩ ሸሽቶ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ነው የቆመለት፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ኮርኒስ ሥር ሲሠራ ከታች ላየው ሰው አምፖሉ የትኛው፣ ሠራተኛው የትኛው እንደሆነ ያደናግራል። እሱ አይከፋውም። ስልክ ሲያነሳ እንኳ «አቤት፣ አምፖል ነኝ» ይላል።

ሚስቱ ሹፌር ነች። እሱ መንዳት አይችልም፤ አንድ ቀን ሞክሮ የጎረቤት አጥር ላይ ስለወጣ የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻውም ሆነ። እሷ ግን መሪ የያዘችው አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነው። አባቷ ሲሞቱ ዕድሜ ልካቸውን ሲነዷት የኖሩትን አረንጓዴ መኪናና እማማን ትተውላት ሄዱ። «ሁለታችንም አሮጊት ነን፣ ሁለታችንም ጠዋት ስንነሳ ያስለናል» ይላሉ እማማ ራሳቸው፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት።

እማማ እንግዲህ የአምፖል አማት ናቸው፤ አብረው ነው የሚኖሩት። ኩላሊታቸው ሥራውን ካቆመ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ሆስፒታሉ ያለው ከከተማው አናት ላይ ነው። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ያውም እንደ ተጣለ ገመድ እየተጠማዘዘ የሚወጣ። አሸዋና ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪኖች ያቃስቱበታል፤ ትንሿም መኪና ከኋላቸው እየተንፏቀቀች ነው የምትከተል።

ታዲያ አረንጓዴዋ መኪና እዚያ ሽቅብ ላይ መፍላት አመጣች። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲሮጥ የመንገዱ ንፋስ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝለታል። ሲንፏቀቅ ግን ንፋስ ከየት ይምጣ? ያኔ ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ቬንትሌተር መዞር አለበት። ቬንትሌተሩን «ተነሣ፣ ሞቀ» ብላ የምትቀሰቅሰው አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ነበረች፤ እሷ ሞተች። የጋራዡ ሰው አይቶ፣ «የዚህች መኪና ዕቃ እዚህ አገር የለም፣ ይታዘዛል። መቼ ይመጣል ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ» አላቸው። አልጠየቁትም። ዕቃውም አልመጣም።

ባለፈው ጉዞ መኪናዋ ጠመዝማዛው መኻል ላይ እንፋሎቷን ተፋችና ቆመች። እማማን አውርደው መንገድ ዳር ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አላፊ አግዳሚው እየቆመ «አይዞዎት» ይላል፤ አንዱ ውኃ ያመጣል፣ አንዷ ዣንጥላ ትዘረጋለች። ሰው ደግ ነው። እማማ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ዣንጥላ ሲይዙ የኖሩ እንጂ ሲያዝላቸው የኖሩ አይደሉም። ሆስፒታል ሲደርሱ ተራቸው አልፏል፤ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። እስኪመሽ ጠብቀው፣ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ቤት ገብተው ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ስሙኝ ልጆቼ። እዚያ ድንጋይ ላይ አንድ ቀን ደግሜ ከተቀመጥኩ፣ ሆስፒታሉም ማሽኑም ይቅርብኝ። ለመከራከር አይደለም የምነግራችሁ። እንድታውቁት ነው።»

ልጃቸው ሳቅ ብላ ነገሩን ልታሳልፈው ፈለገች። «እማዬ ደግሞ፣ እንደ ሕፃን ማኩረፍ ጀመርሽ?»

«አላኮረፍኩም። ስኳር ተዪ የተባልኩ ቀን ምን አልኩ?»

ሁለቱም ያስታውሳሉ። እማማ ስኳር ተዪ የተባሉ ቀን «እሺ» ብለው ማንኪያቸውን እንዳስቀመጡ፣ ከዚያ ወዲህ በምላሳቸው አልዞረም። ቃላቸው እንዲህ ነው። ከማሽኑ ከቀሩ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም ሳይል ነግሯቸዋል፤ ሳምንትም አይቆዩም።

«ለምን በሌላ መኪና አይሄዱም?» ትሉኝ ይሆናል። ሞክረዋል። ከእጥበት ሲወጡ ያቅለሸልሻቸዋል፤ አንድ ጊዜ የሰው መኪና ውስጥ አስመለሳቸውና ሹፌሩ ምንም ሳይናገር መስኮቱን ብቻ ከፈተ። ያ መስኮት እስከ ዛሬ ከሆዳቸው አልወጣም። «የምሄድ ከሆነ በባሌ መኪና ነው» ብለው ዘጉት።

አምፖል ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። የሚቀጥለው እጥበት ከነገ ወዲያ ነው፤ ያላቸው መኻል ላይ ያለው አንድ ቀን ብቻ። ሲነጋ ለሚስቱ፣ «ሴንሰሯ ከሞተች ቬንትሌተሩን እኛው እንቀሰቅሰዋለን» አላት።

«እንዴት አድርገን? ወርደን በእጅ እናዙረው?»

«በማብሪያ ነዋ። ከባትሪው ሽቦ አወጣለሁ፣ ማብሪያ ላይ አሳልፈዋለሁ፣ ቬንትሌተሩ ላይ አስረዋለሁ። ሙቀቱ ሲወጣ ታበሪዋለሽ፣ ሲወርድ ታጠፊዋለሽ። አምፖል ማብራት ማለት ነው።»

«የቤትና የመኪና ኤሌክትሪክ አንድ ነው እንዴ?»

አምፖል ሳቀ። ይቺን ሳቅ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። «አንቺ ደግሞ፤ እኔ በየቀኑ ከሁለት መቶ ሃያ ቮልት ጋር ነው የምውለው። ይሄ እኮ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ሕፃን ልጅ ቢጨብጠው አይነዝረውም።» ይህን ብሎ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ እጁ ያዝ አደረገላት። እውነትም ምንም አልሆነም።

የሙያ ነገር እንዲህ ነው። አምፖል የሚፈራው የሚነዝረውን ነው። የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው፤ ጓደኛውን መሰላል ላይ ነዝሮ የጣለበት እሱ ነውና። የማይነዝር ኤሌክትሪክ ለእሱ ጥርስ የሌለው ውሻ ነበር። ስለዚህ የመሣሪያ ሳጥኑን ሲከፍት፣ ለሰው በር ደወል ገጥሞ የተረፈችውን ቀጭን ሽቦ አነሳ። «ለዚህ ለደካማው ይቺ ትበዛበታለች» አለ። ነጭ የግድግዳ ማብሪያም አገኘ። ዳሽቦርዱ ላይ በካቻቢቴ ጥርቅም አድርጎ አሰረው፤ ሽቦውን በሞተሩ ግድግዳ ቀዳዳ አሾልኮ አወጣው፤ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለለው።

እማማ ከበረንዳው ሆነው ሲያዩ ቆዩና፣ «አሁን ይሄን ስንጫነው የሳሎኑ መብራት ነው የሚበራው ወይስ የመኝታ ቤቱ?» አሉ።

«ይጫኑትና ይዩት እማማ።»

ልጃቸው ተጫነችው። ቬንትሌተሩ ዥው ብሎ ተነሣ። አምፖል ኮፈኑን እንደ ከፈተ እጆቹን ዘርግቶ፣ ድግስ እንዳሳመረ ሰው ቆመ። አጠፉት፣ አበሩት፣ አጠፉት። ሠራ።

«እንግዲህ እኔም ልቀመጥና ልየው» አሉ እማማ። ደስ ስላላቸው እንጂ እምነት ኖሯቸው አይመስለኝም። ልጃቸው ደግፋ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። ሞተሩ ተነሣ፤ ማብሪያው በራ፤ አምፖል ከፊት ለፊት ቆሞ ንፋሱን በመዳፉ እየለካ ስለ ነገው ሽቅብ ያወራል። ጥቂት ቆይተው እማማ አየሩን አሸተት አደረጉ።

«የሆነ ነገር እያረረ ነው።»

«ከጎረቤት ይሆናል፣ እማማ።»

«ጎረቤት እግሬ ሥር ነው እንዴ ያለው?»

አምፖል ጎንበስ ብሎ አየ። ከዳሽቦርዱ ሥር ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ቀጭኗ ሽቦ ልብሷ ቀልጦ፣ መዳቧ ፍም መስሎ ይታያል። ሚስቱ በሩን በርግዳ እናቷን በብብታቸው ይዛ አወጣቻቸው፤ አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ። አምፖል ወደ ባትሪው ዘሎ ማሠሪያውን በእጁ ነቀለው። ጣቶቹ ተለበለቡ፤ የዚያኔ ግን አልታወቀውም።

ጭሱ ተበተነ። እማማ አንድ እግራቸው በካልሲ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ምንም አልሆኑም። ግን የሚያስፈራው አለመቆጣታቸው ነበር። ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

«ደህና ሞክረሃል፣ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «በቃ፣ ነገ አልሄድም።»

ልጃቸው ፊቷን አዞረች። አምፖል ግን የተለበለበ እጁን ጀርባው ላይ ደብቆ ከፊታቸው ቆመ።

«እማማ፣ እስኪመሽ ይጠብቁኝ።»

«እስኪመሽ ምን ይመጣል?»

«እሱን ሲመሽ ያዩታል። ካልወደዱት አልከራከርዎትም።»

አዩት። ላቡ ከራሱ አናት እየወረደ ቅንድቡ ላይ ይጠራቀማል። «የመንገዱ መብራት እስኪበራ» አሉት። «ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልሰማህም።»

አምፖል የቀለጠችውን ሽቦ ይዞ ከቤቱ ጓሮ ሄዶ ቁጭ አለ። ደጋግሞ አገላበጣት። ማብሪያው ደህና ነው፣ መጋጠሚያው ደህና ነው፣ የሞተችው ሽቦዋ ብቻ ናት። አሥራ ሁለት ቮልት፤ ሕፃን ቢጨብጠው የማይነዝረው። ታዲያ ማን አቀለጣት?

ያን ቀን የቧንቧው ውኃ ግፊት አጥቶ ነበር። ሚስቱ በርሜሉን ልትሞላ ቀጭኑን ጎማ ቧንቧው ላይ ሰክታ ብትጠብቅ ብትጠብቅ፣ ውኃው እንደ እንባ ጠብ ጠብ ነው የሚል። ሆዷም ብሶ ነበርና ጎማውን በንዴት ነቅላ ወረወረችውና ሰፊውን ቱቦ አመጣች። ውኃው ያው ደካማው ነው። ግን በሰፊው ቱቦ ውስጥ እየተንከባለለ ገባ፤ የበርሜሉ ታች ይንቆረቆር ጀመር።

አምፖል ቀና አለ።

«አንቺ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? ውኃ ነው የምቀዳው።»

«አይ፣ ጎማውን ለምን ቀየርሽው?»

«ግፊት የለውማ። ግፊት ከሌለው ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። ይሄ ምን ያስደንቃል?»

አምፖል ግንባሩን በመዳፉ ጠፍ አደረገ። ይህን እኮ ያውቀው ነበር፤ ሙያ ሲማር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተነግሮታል። ቮልት ግፊቱ ነው፤ አምፔር ብዛቱ ነው። ቤት ውስጥ ግፊቱ ብርቱ ስለሆነ ጥቂት ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ብዙ ሥራ ይሠራል። መኪና ላይ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ያን ትልቅ ቬንትሌተር ለማዞር ብዛቱ መጉረፍ አለበት፤ ለብዛት ደግሞ ወፍራም ሽቦ። የማይነዝር ነገር አያቃጥልም ያለው ማን ነበር? ማንም አላለውም። ራሱ ነው በሳቁ ያለው።

«አንቺ ባትኖሪ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር» አላት።

«አጥር ላይ ትወጣ ነበራ» አለችው። ከጭሱ ወዲህ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

ሮጦ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ እጁን አየች።

«ሪሌ ነው የምትፈልገው» አለችው፣ ሳይናገር።

«በምን አወቅሽ?»

«ሪሌ ፈላጊ ሁሉ ጣቱን ጠብሶ ነው የሚመጣው። ሳይጠበስ የመጣ እስካሁን አላየሁም። ፊውዝስ?»

«ፊውዝም ከነቤቱ።»

«ባትሪው አጠገብ እሰረው እሺ? ሩቅ ያሰርከው ፊውዝ ጎረቤት ቤት የተቀመጠ ዘበኛ ነው።»

ሪሌ ማለት፣ እንዳትቸገሩ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት። ውስጧ በር አለ። በቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት «ጠቅ» ብላ ለብዙው ኤሌክትሪክ በሩን ትከፍታለች። ማብሪያው ሸክሙን አይሸከምም፤ ያዛል እንጂ። ሸክሙ በሌላ መንገድ፣ በወፍራሙ ሽቦ ያልፋል።

አምፖል ጓዳው ውስጥ ለትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚዘረጋ፣ እንደ ትንሽ ጣት የወፈረ ገመድ ነበረው። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጠውን ፊውዝ አሰረ። ከዚያ ወደ ሪሌዋ፣ ከሪሌዋ ወደ ቬንትሌተሩ፤ የሞተችውን ሴንሰር መስመር ግን አልነካውም፤ ዕቃው ሲመጣ ቦታዋ ይጠብቃታል። ሽቦው ከሞተሩ ትኩስ ቧንቧ እንዳይነካ አርቆ ጠፈረው። ሽቦው የሚያልፍበት የብረት ቀዳዳ ስለት ስላለው ላስቲክ አለበሰው። ለማብሪያው የሚሄደውን ቀጭኑን ደግሞ የሞተሩ ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ ከሚጠፋው መስመር ወሰደው፤ ሰው ይረሳል፣ ረስቶት ቢወርድ ባትሪው አዳር እንዳያልቅ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በፒንሳ ከቆነጠጠ በኋላ በሙሉ ኃይሉ ይጎትተዋል። ከለቀቀ እንደገና። የተለበለቡት ጣቶቹ ፒንሳውን በጨበጡ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ግን አልተወም። ሚስቱ ጨርቅ በውኃ አርሳ ጠቅልላለት፣ «እጅህን አሳርፈው» ብትለው፣ «ነገ ሽቅቡን ካለፍን በኋላ» አላት።

ፀሐይዋ ወደ ጣራው ጫፍ ስትወርድ ጨረሰ። ትንሽ፣ ቄንጠኛ የመኪና ማብሪያ ከሱቋ አምጥቶ ነበርና እሱን ከመሪው አጠገብ ተከለ።

«እማማ፣ ይምጡ።»

እማማ መጡ። ጫማቸውን ሁለቱንም አድርገዋል። መኪናዋን ዞረው አዩ፣ ኮፈኑ ሥር አዩ፣ አምፖልን አዩ።

«እኔ ልገባ ነው» አሉ። «አንተ ደግሞ ያን ወፍራሙን ሽቦ በእጅህ ጨብጥ። እኔ እስክወርድ አትልቀቀው። ከጋለ ቀድሞ አንተን ይጥበስህ።»

«እማዬ፣ እጁ እኮ ቆስሏል» አለች ልጃቸው።

«በደህናው ይያዘው።»

አምፖል በደህናው እጁ ያዘ። ሞተሩ ተነሣ። ማብሪያው ተጫነ፤ ከሞተሩ በኩል «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቬንትሌተሩም ዥው ብሎ ተነሣ። እማማ መቀመጫቸውን አመቻቹ። ቸኩለው የሚወርዱ አይመስሉም። ስለ ባለቤታቸው ማውራት ጀመሩ፤ ሲያገቧቸው በዚህችው መኪና እንደመጡ፣ ጡሩንባው ተጣብቆ ከተማውን ሁሉ እየጮኸ እንዳለፈ፣ ባለቤታቸው እንዳፈሩና እሳቸው እስኪታመሙ እንደሳቁ። ወሬው ይረዝማል፤ አምፖል ሽቦውን እንደያዘ ነው። ክንዱ ደነዘዘ። ሽቦው ግን ለብ አለ እንጂ አልጋለም። ለብ እንዳለ ቀረ።

የመንገዱ መብራት ብልጭ ብሎ በራ።

እማማ ወረዱና መጥተው ሽቦውን ራሳቸው ዳሰሱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሕፃን ልጅ ትኩሳት እንዳለው እንደሚታይ አድርገው።  ተመልሰው ወደ መኪናው ውስጥ አዩና ትንሿን ማብሪያ በጣታቸው ሞከሩ። ጣቶቻቸው ከቆለመሙ ቆይተዋል፤ ሁለቴ ሳቱት።

«ይሄ ለወፍ የተሠራ ነው። የጠዋቱ ነጩ ማብሪያ የት ሄደ?»

«እሱ እኮ የግድግዳ ነው እማማ። ቀለድኩበት እኮ።»

«ይሠራል አይሠራም?»

አምፖል አሰበ። ማብሪያው አሁን የሚያዝ ብቻ ነው፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። «ይሠራል።»

«እሱን መልስልኝ። እዚያ ሳይሆን በኔ በኩል፣ በቀኝ። ልጄ መንገድ ታያለች፣ አንተ ከኋላ ተኝተህ ታንኮራፋለህ። መርፌዋን ማን ይያት?»

የሙቀቱ መርፌ በዚያች መኪና ዳሽቦርድ መኻል ላይ ነች፤ ከፊት ለተቀመጠ ሁሉ ትታያለች። አምፖል ለመመለስ አፉን ከፈተና ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። መርፌ ለማየት መኪናው ውስጥ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሚስቱን አያት፤ እሷም ገብቷት ሻርፗን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ጉልበቱ አልቆ ነበር፤ ግን ካቻቢቴውን እንደገና አነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ሽቅቡን ጀመሩ። እንደ ልማዱ አሸዋ የጫነ መኪና ከፊታቸው እያቃሰተ ይሄዳል። እማማ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጣታቸው ነጩ ማብሪያ ላይ ነው። አምፖል ከኋላ ሆኖ አንገቱን በሁለቱ ወንበሮች መኻል አሾልኮ አፍንጫው ጭስ ይፈልጋል። መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። ከመካከለኛዋ መስመር አለፈች።

«እማማ፣ ይጫኑት እንጂ።»

«ገና ነው።»

«አልፋለች እኮ።»

«ገና ነው አልኩህ። ይቺን መርፌ ዕድሜዬን ሙሉ ከጎኗ ተቀምጬ አይቻታለሁ። ባሌ መጨነቅ የሚጀምረው ከላይኛዋ ጭረት ጫፍ ስትደርስ ነበር። አንተ ሽቦህን ጠብቅ።»

«አሁን ነው እንግዲህ እማዬ» አለች ልጃቸው መሪውን ጥርቅም አድርጋ ይዛ።

«አሁን ነው» አሉና ተጫኑ። ጠቅ። ቬንትሌተሩ ተነሣ። መርፌዋ ግን ወዲያው አልሰማችም፤ ጥቂት ደግሞ ወጣች። አሸዋ የጫነው መኪና ጭራሽ ቆመ። እነሱም ቆሙ።  አምፖል ክንዱን በዳሽቦርዱ ሥር አሾልኮ ሽቦውን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ። አሸተተ፤ የእማማ ሳሙና ብቻ። መርፌዋ ቆመች። እንደ ቆመች ቆየች። ከዚያ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ እየጎተተች፣ ወደ ታች ወረደች።

እማማ አጠፉት። ደግሞ ሲወጣ አበሩት። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ «ቀስ በዪ» አሉ። ድንጋዩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ የእሱም መኪና ኮፈኗን ከፍታ እንፋሎት ታወጣለች።

እማማ በመስኮቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰላምታ ሰጡት። «ስንመለስ እዚሁ ካለ አቁሚ» አሏት ልጃቸውን። «አምፖል ሽቦ ይቀጥልለታል። ይሄን ድንጋይ ማንም ሊቀመጥበት አይገባም።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ማሽኑ ባዶውን ይጠብቃቸው ነበር። ነርሷ «ዛሬማ ቀደም አሉ» አለቻቸው። እማማም እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣ «ሥራ ላይ ነበርኩ» አሏት።

የታዘዘችው ሴንሰር ኋላ፣ ሁሉም ከረሷት በኋላ መጣች። አምፖል ጓዳ ውስጥ ከመሣሪያው ሥር ሸሸጋት። ገጠማት ማለት ቬንትሌተሩ ራሱ በራሱ ይነሣል ማለት ነው፤ ያኔ እማማ መርፌ የሚጠብቁት ለምን? ሚስቱም አውቃ ዝም አለች። ግን ከእማማ ምን ይደበቃል፤ መጥረጊያ ሊያወጡ ገብተው አገኟት።

«አንተ አማቼ፣ ይሄ ምንድነው?»

አምፖል እንደ ሕፃን ተንተባተበ።

«ግጠማት» አሉት። «ሁለት ዓይን ከአንድ ይሻላል። የኔን ማብሪያ ግን የነካህ ቀን እንተዋወቃለን። ያቺ ሴንሰር አንድ ጊዜ ሞታ ጥላን ሄዳለች፤ ዳግም ብትሞት እኔ ካልኖርኩ ማን አለ?»

ገጠማት። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው እማማና ሴንሰሯ ይሽቀዳደማሉ። መርፌዋ ልትደርስ ስትል እማማ ጠቅ ያደርጓታል፤ ወደ ኋላ ዞረውም «ቀደምኳት» ይላሉ። አንዳንዴ ሴንሰሯ ትቀድማቸዋለች። ያን ቀን አምፖል ከኋላ ሆኖ፣ «እርስዎ ነዎት እማማ፣ እኔ ሰምቻለሁ» ይላል፤ እሳቸውም ያምኑታል፣ ወይም እንዳመኑት ይሆናሉ። እንደገና አልሄድም ያሉበት ቀን ግን አልመጣም።

ወሬዬ ይኸው ነው ልጆቼ። ተነሡ እንግዲህ፣ እግራችሁም ደንዝዟል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። አሮጌ መኪና ሽቅብ ላይ ስታቃስት የሰማችሁ ቀን፣ ነጭ የግድግዳ ማብሪያ ላይ የቆለመመ ጣታቸውን አሳርፈው መርፌ የሚጠብቁትን እኒያን እናት አስቧቸው። ሽቦውን በደህና እጁ ይዞ የቆመውንም አትርሱብኝ።